በየማታው የሚደውል ልጅ መርዶ

«የእናንተ አይደለም! ኧረ የእናንተ አይደለም፣ በማርያም!» ይላል ልጁ በራችን ላይ ቆሞ። እኔ ግን ቀድሜ መሬት ወድቄያለሁ። ባለቤቴ ኢዮስያስ በሌሊት ልብሱ ግድግዳውን ተደግፎ «ልጄን! ኤፍራታዬን!» እያለ ደረቱን ይደቃል። የተደገፈው ግድግዳ ደግሞ በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምፁ «ውድ ነዋሪ፣ የድምፅዎ መጠን ለጋራ መኖሪያ ከተፈቀደው አልፏል» ይለዋል።

አይፈረድብንም። በዚህ ዘመን በር የሚያንኳኳ ማን አለ? ዕቃ የሚገባው በመስኮት ነው። ዘመድ ሊመጣ ሲል ግድግዳው አስቀድሞ ይናገራል፤ ምን ለብሶ እንደሚመጣ ሳይቀር ያሳያል። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ፊቱን ጨው የበላው፣ አይተነው የማናውቅ ጎረምሳ መጥቶ በጣቱ ቆ ቆ አድርጎ «እንደምን አደራችሁ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በሉ» ካለ፣ ልጁ ባሕር ላይ ያለ ሰው ሌላ ምን ያስባል?

«የማን ነው ታዲያ?» አለ ኢዮስያስ፣ ደረቱ ላይ ያለውን እጁን ሳያወርድ።

«የጎረቤታችሁ። የእማማ ሄርሜላ ልጅ። ባሮክ።»

«ተመስገን!» አለ ኢዮስያስ። ቃሉ ካፉ እንደወጣ እጁን ከደረቱ አንስቶ አፉ ላይ ጫነው። እኔም በሆዴ ብዬው ስለነበር አልታዘብኩትም።

ልጁን አስገብተን ውሃ ሰጠነው። ናኦል ይባላል፤ የአዳማ ልጅ ነው። ቀጥታ እናትየው ጋ ያልሄደበትን ምክንያት ስጠይቀው፣ አያቱ መርዶ መጀመሪያ ለጎረቤት ነው የሚነገረው ትለው እንደነበር ነገረኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ተመካክሮ፣ ከዚያ ነው ለባለቤቱ የሚነገረው። ይህን የሚያውቅ ወጣት ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነውና ሌላ ብርጭቆ ውሃ ጨመርኩለት። ከዚህ በላይ ክብር ቤት ውስጥ አልነበረም።

«ለመሆኑ መቼ ነው ያረፈው?» አለ ኢዮስያስ፣ አሁን ለሌላ ሰው እንደሚያዝን ሆኖ።

«ባለፈው ክረምት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው።»

ኢዮስያስ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ልጄ፣ ሰው ተሳስተሃል ማለት ነው። ባሮክ ትናንት ማታ ደውሏል። እኛና እማማ ሄርሜላ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ጉልበቷን ጠየቃት፣ ስለ አክስቱ ውሻ አወሩ፣ ሳቁ። እኔ እራት እየበላሁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ናኦል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔም ለእናቴ ደውዬላታለሁ። ሳንባዬን ታምሜ ብዙ ወር ራሴን ሳላውቅ ተኝቼ ነበር። አገሬ ስገባ እናቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ያኔ እንኳ በየማታው እየደወልክ አሳቅከኝ› አለችኝ። እኔ አልደወልኩም።»

ከዚህ በኋላ ኢዮስያስ ለመሳቅ አልሞከረም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የእኛ ብሎክ ወጣት ሁሉ የሚሠራው ባሕር ላይ ነው። አገራችን ባሕር የላትም ሲባል ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን ግን ዛሬ ከባሕር ሌላ የሚያውቁት የለም። ድርጅቱ፣ ስም አለው ግን ሁሉም «ድርጅቱ» ነው የሚለው፣ ከውቅያኖስ ወለል ማዕድን ያወጣል። ልጆቹ የሚኖሩት ከተማ በሚያህሉ ተንሳፋፊ መድረኮች ላይ ነው። ከፊሊፒንስ፣ ከቦሊቪያ፣ ከሞልዶቫ፣ ከእኛ አገር የሄደው ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል፣ አንድ ዓይነት ገንፎ ይበላል። ከዚያ ማታ ማታ ግድግዳችን ይበራና ልጃችን ፊቱ ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተስተካክሎ፣ ከኋላው ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። እኛም ፊታችንን ታጥበን እንጠብቀዋለን። የቀኑ ሥራችን ይኸው ነው።

ናኦል ባሮክን በእጁ ነው የጠቀለለው። ወለል ላይ ሲሠራ አየር ተቋርጦበት ነው ያለን፤ ከዚህ በላይ አልዘረዘረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወደ ባሕሩ ሲያወርዱት ጸሎት የሚያነብ አንድ ኃላፊ መጥቶ ነበር። «የየትኛው ሃይማኖት ጸሎት እንደሆነ አልገባንም፤ ለሁሉም የሚሆን ነው አሉን» አለ። ድርጅቱ ለሁሉም የሚሆን ነገር መሥራት ይችልበታል።

ወደ ጋሽ ናሆም ሄድን። ድሮ ናሆም የሕፃን ስም ነበር ይላሉ፤ አሁን ናሆም የሚባል ሰው ሁሉ ምርኩዝ ይዟል። የእኛው ናሆም የብሎኩ እድር የመጨረሻ ሊቀመንበር ናቸው። እድሩ የፈረሰው ሕንፃው ሥር «የስሜት ክፍል» የተከፈተ ጊዜ ነው። ሰው የሞተበት ነዋሪ ክፍሉን በግድግዳው ላይ ይጠይቃል፣ «የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ጥቅል» የሚለውን ይመርጣል፣ ወንበርና ለስላሳ መብራት ይዘጋጅለታል፣ የተቀዳ ለቅሶ በመጠኑ ይለቀቅለታል። ጋሽ ናሆም አንድ ጊዜ ገብተው «የለቅሶው ሴትዮ የጎንደር ናት፣ ዜማው የሌላ አገር፣ የሚያለቅሱት ስለ ላም ይመስለኛል» ብለው ወጡ፤ ዳግመኛ አልገቡም።

ናኦልን ሰምተው ሲጨርሱ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «እኛ ነን የነገርናቸው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ድርጅቱ ልጆቻችንን መመልመል የጀመረ ሰሞን የባህል ክፍል ሰዎች ልኮ ነበር። ትሑት ሰዎች ናቸው፤ ባህላችን መስሏቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ እኛም እንዳናሳፍራቸው ብለን የራሳችንን አወለቅን። «በእናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቤተሰብ እንዴት ይነገራል?» አሉ። አቤት የተናገርነው! መልስ ለመስጠት ሰው እየተጋፋ ነበር። ጋሽ ናሆም ተነስተው «የእኛ ሰው እንደ ሌላው ዓለም ሞትን በስልክ አያፈርጥም» አሉ። «እንደብቃለን። ባለመርዶው እስኪበረታ፣ እስኪመቸው እንደብቃለን።» ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ማራማዊት ደግሞ ተቀብላ፣ ያክስቷን ልጅ ሞት ከአክስቷ ዓመት ሙሉ ደብቀው እንደነበር አወራች። ሟቹ የላከው አስመስለው ሰላምታ ያደርሱ ነበር፤ አንድ ጊዜም ሻርፕ ገዝተው «ልጅሽ ነው የላከልሽ» ብለው ሰጧት። ሰዎቹ «ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው» እያሉ ይቀዳሉ። ሻርፑ ምን ዓይነት ቀለም ነበር ብለው ሳይቀር ጠየቁ። ጋሽ ናሆም «ከዚያማ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ እንሰበሰብና...» ብለው ሲጀምሩ ጊዜው አለቀ። የሚቀጥለው ብሎክ ይጠብቃቸው ነበር። ለየቤቱ አንዳንድ ጃንጥላ ሰጥተውን ሄዱ።

«መደበቁን ይዘው ሄዱ» አሉ ጋሽ ናሆም። «መንገሩ እዚሁ ቀረ።»

ናኦል ደንቡን ነገረን። ድርጅቱ ላይ ሰው ሲሞት ለየአገሩ እንደየባህሉ ነው የሚደረገው። ለቦሊቪያው በዚያው ቀን ይነገራል። ለእኛ አገር ሰው «ባለመርዶው እስኪመቸው» ይቆያል። መመቸቱን የሚለካው ማታ ማታ የሚደውለው ነገር ራሱ ነው፤ የእናትየዋን ድምፅ ያዳምጣል፣ አተነፋፈሷን ያያል፣ በርትታ ከሆነ ይነገራት ይላል። ግን ልጇ በየማታው እየደወለ እንዴት ትበርታ? ትናፍቀዋለች። ናፍቆቷን ይለካና «ገና ናቸው» ብሎ ይመዘግባል። በማግስቱ ይደውላል።

«እንግዲህ እንንገራት» አልኩ እኔ።

«ለምን ተብሎ?» አለች ማራማዊት። ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፤ ማራማዊት ወሬ ለመስማት ግድግዳ አያስፈልጋትም። በሩ ላይ ቆማለች። «ምን ጎደለባት? ልጇ ይደውላል፣ ይጠይቃታል፣ ያስቃታል። ኧረ እንዲያውም ከበፊቱ አሁን ነው ጨዋ የሆነው! ድሮ ባሮክ እናቱን እንዴት እንደሚያመናጭቅ ረሳችሁት?»

«እኔን ያስፈራኝም ጨዋነቱ ነው» አሉ ጋሽ ናሆም።

«አንቱ ደግሞ ሰው ሲደላው አይወዱም።»

«ማራማዊት፣ ልጁ ሁለት ክረምት ሳይለቀስለት ተኝቷል። አርባው አልተቆጠረም፣ ተዝካር የለው፣ ስሙ አልተጠራ። እናቱ ባሕር ሥር ያለ ልጇን ‹ቀልደኛ› እያለች ትስቃለች። ይሄ ለአንቺ መድላት ነው?»

ማራማዊት መልስ አላጣችም፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ግን የመለሰችው ለሳቸው አልነበረም። ወደ ናኦል ዞረች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ሁለቱም ባሕር ላይ ናቸው። «አንተ ልጅ» አለችው ዝግ ብላ፣ «የእኔን ልጆች አይተሃቸዋል? መንታ ናቸው፤ አንደኛው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

«ባሕሩ ሰፊ ነው፣ እትዬ» አለ ናኦል።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወለል ወለሉን አየ። ያኔ ነው የገባኝ። የእማማ ሄርሜላ መርዶ የእማማ ሄርሜላ ብቻ አይደለም። ለእሷ ከተነገረ፣ በዚያው ማታ እያንዳንዳችን ግድግዳችን ፊት ስንቀመጥ የምናየውን ፊት በምን ዓይን እናየዋለን? እኔም ናኦልን ስለ ኤፍራታ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ማራማዊት የተመለሰላትን ስሰማ ዘጋሁት።

የዚያን ቀን ማታ ኤፍራታ ደወለች። ኢዮስያስ እንደወትሮው ሸሚዙን ቀይሮ ተቀምጧል። ልጄ ቆንጆ ናት፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ይብስባታል።

«እማ፣ ደክሞሻል እንዴ? ዓይንሽ ቀልቷል።»

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አልኳት። ሽንኩርት በዱቄት መምጣት ከጀመረ ዘመን ሆኖታል። የእኔ ኤፍራታ ብትሆን «ውሸታም!» ትለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችው «ዓይንሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢው» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ በቂ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆና አባቷ ጫማ ውስጥ የደበቀችውን ነገር እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ኢዮስያስ ገባው መሰለኝ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ በኃይል ነው የረገጠኝ። ያገባሁት ሰው እንዲህ ሲለምነኝ አይቼው አላውቅም። አልጠየቅኩም።

«በይ ደህና እደሪ እማ። ብርድ እንዳይመታሽ።»

ግንቦት ነበር፤ መስኮቱን ከፍተን ላብ ያጠምቀናል። በዚያችው ቅጽበት ከስሱ ግድግዳ ማዶ የባሮክ ድምፅ «በይ ደህና እደሪ እማዬ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አለ። እማማ ሄርሜላም «አሜን፣ የኔ ጌታ» አለች። ኢዮስያስ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ውሃውን ከፍቶ ቆየ።

በማግስቱ ጋሽ ናሆም ጋ ሄጄ «እማማ ሄርሜላ ጋ አብሬ እገባለሁ» አልኳቸው። ለራሴ ያልደፈርኩትን ለጎረቤቴ መድፈሬ ምን እንደሚባል አላውቅም። ሳቅዋን ግን ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

ዝግጅቱ አስቸጋሪ ነበር። መርዶ ሲነገር እንዴት እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል ብዬ ነበር፤ ለካ ሁላችንም ያየነው በልጅነታችን፣ በሰው እግር መሃል ሆነን ነው። ንፍሮ ያስፈልጋል አልን፤ ስንዴ በፍሬው የሚሸጥ ሱቅ ግን የለም፣ ሁሉም ነገር የተፈጨ ነው። በመጨረሻ ናኦል የወፍ መኖ ከሚሸጡበት አገኘ። ከረጢቱ ላይ በቀቀን ተስሏል። ቀምሰን «ደህና ነው» ተባባልን።

ነጠላው ባሰ። ሐዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ነው የሚለብሰው። ከመስኮት የሚገባው ነጠላ ግን የት አገር እንደሚሠራ አይታወቅም፤ እንዲያምር ተብሎ ጥለቱ ዙሪያውን ሆኗል። ብትዘቀዝቂው ጥለት፣ ብታቃኚው ጥለት። መስታወት ፊት ቆሜ አገላበጥኩት፤ በየትኛውም በኩል ሠርግ የምሄድ ነው የምመስለው። ኢዮስያስ «መቀስ አምጪ» አለና የአንዱን ጎን ጥለት ቀደደው። መኝታ ቤታችን ወለል ላይ ባለቀለም ክር ተከመረ።

ጋሽ ናሆም አያያዝ አስተማሩን። መርዶ የተነገረው ሰው ራሱን ይጥላል፤ አንድ ሰው ከኋላ፣ ሁለት ከጎን መሆን አለበት። ኢዮስያስን ሐዘንተኛ አድርገው አለማመዱን። ወጣቶቹ ክንዱን በሁለት ጣት ያዙት።

«እንደ ሻንጣ አትያዙት!» ይላሉ ጋሽ ናሆም። «ሰው ነው!»

«ጋሼ፣ ያለ ፈቃድ ሰው መንካት እኮ...» አለች አንዷ።

«ሲወድቅ ፈቃዱን ትጠይቂዋለሽ።»

ኢዮስያስ ለልምምድ ብሎ «ልጄን!» ብሎ ወደቀ። መሬት ላይ ትንሽ ቆየ። ሁላችንም ልምምድ አለመሆኑን አወቅን።

የተባለው ቀን ጎህ ሳይቀድ ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰብን። አራት አምስት ሰው ይመጣል ብዬ ነበር፤ ደረጃው ሞላ። መብራቱ የሰው ብዛት አይቶ ደመቀ፤ ግድግዳውም «ያልተመዘገበ ስብሰባ» አለ። ማራማዊት ከሁሉም ኋላ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ። «አላየሽኝም» አለች፣ «አላየሁሽም» አልኳት፤ እንዲህ ታረቅን።

ጋሽ ናሆም አንኳኩ። ቆ ቆ።

እማማ ሄርሜላ ጸጉሯን በሻሽ እየጠቀለለች ከፈተች። ቀጭን፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ቆማ እንኳ የምትሮጥ ይመስላል። መጀመሪያ ጋሽ ናሆምን አየች። ከዚያ እኔን። ከዚያ የተቀደደውን ነጠላዬን። ዓይኗ እዚያ ቀረ።

«ማን ነው?» አለች።

በሩ ላይ አይነገርምና ገባን። አስቀመጥናት። ናኦል ከኋላዋ ቆመ፣ እኔና ማራማዊት ከጎንና ጎን። ጋሽ ናሆም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ድሮ እንደሚባለው ከሩቁ ጀመሩ።

«ሄርሜላ፣ ባሮክ ትንሽ አሞት ነበር...»

«ማታ ደህና ነበር እኮ።»

«ማታ የደወለው እሱ አይደለም።»

«እኔ ልጄን አላውቀውም?»

ጋሽ ናሆም ናኦልን አዩት። ልጁ ከኋላዋ ዞሮ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «እማማ፣ ናኦል እባላለሁ። አብሬው ነበር የምተኛው፣ እኔ ላይ እሱ ታች። በእጄ ነው የጠቀለልኩት» አለ። እጁን ዘርግቶ አሳያት። ሌላ የሚያሳያት ነገር አልነበረውም፤ ድርጅቱ ከዚያ ምንም ይዞ መውጣት አይፈቅድም።

«መቼ?»

«ካቻምና ክረምት።»

አላለቀሰችም። እጁን ይዛ አገላብጣ አየችው። የምታስብ ትመስላለች፤ ግንባሯን አኮማተረች።

«ሁለት ክረምት» አለች። «ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ስነዘንዘው ይሰማኛል። ያንኑ ነገር ደግሜ ደጋግሜ ስጠይቀው ይመልስልኛል። ባሮክ እኮ ሁለተኛ ስጠይቀው ስልክ የሚዘጋ ልጅ ነው። ባሕሩ አሳደገው ብዬ፣ ልጄን ባሕሩ ሰው አደረገው ብዬ...»

ከዚያ ለቅሶው ወጣ። ያ ድምፅ ከአንዲት ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የተለማመድነው ሁሉ ከአእምሯችን ጠፋ፤ እንደ ሻንጣም እንደ ሰውም አልያዝናት፣ ዝም ብለን ተረባርበን ያዝናት። ማራማዊት አብራት ወደቀች። እማማ ሄርሜላ ልጇን በስሙ ጠራችው። ሲያመናጭቃት የሚላትን እያነሳች፣ ስልክ ሲዘጋባት፣ ወጥ ጨው በዛበት ብሎ ሲነሳ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ ሲወጣ፣ አንድ በአንድ እየጠራች አለቀሰችው። ክፉ ክፉውን ነበር የምታነሳው፤ ደግ ደጉን ግድግዳው ወስዶባታል።

ግድግዳው ማስጠንቀቂያውን ቀጠለ። «የድምፅዎ መጠን አልፏል። የስሜት ክፍል ላስይዝልዎ?» አለ። «የሚያረጋጋ ሙዚቃ ልክፈት?» አለ። ከላይኛው ፎቅ ሦስት ወጣቶች እሳት የተነሳ መስሏቸው በባዶ እግራቸው ወረዱ። ነገሩን ሲሰሙ አልተመለሱም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡ ነበር።

ድምፁ በደረጃው ቁልቁል ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ከታች፣ ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ እንጃ፣ ሌላ ሴት ጀመረች። ከዚያ ሌላ። በየቤታቸው፣ በራቸውን ዘግተው። ለማን እንደሚያለቅሱ አልነገሩንም። እኔም አለቀስኩ። ኢዮስያስ በር ላይ ሆኖ ሲያየኝ «ለባሮክ ነው» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፣ ነጠላዬን ስቦ ዓይኑን እየጠረገ።

ያኔ ግድግዳው በራ።

ጠዋት ደውሎ አያውቅም። ፊቱ ታጥቧል፣ ጸጉሩ ተስተካክሏል፣ ከኋላው ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ማራማዊት ወለሉ ላይ እንዳለች አማተበች። ኢዮስያስ የሚያጠፋው ነገር ይኖር እንደሆነ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ማጥፊያ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ናኦል ብቻ ነበር ቀና ብሎ ያላየው።

ባሮክ በእኛ ላይ ዓይኑን አዞረ። የተሰበሰበውን ሰው፣ ጥቁሩን ልብስ፣ መሬት ላይ የተቀመጠችውን እናቱን አየ። ፊቱ ተገቢውን ያህል አዘነ።

«እማዬ፣ ምነው? ለቅሶ እሰማለሁ» አለ። «ማን ሞቶ ነው?»

እማማ ሄርሜላ የያዟትን እጆች አንድ በአንድ ከላይዋ አነሳች። ፊቷን ጠረገች። ሻሿን አስተካከለች።

«አንተ ነሃ» አለችው።